የቀኝ እጄ ጥፍሮች

ትናንት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሳሪስ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት እጆቼን አየቻቸው። መጀመሪያ ያየችው ግራውን ነው፤ ጥፍሩ እስከ ሥጋው ተቆርጧል። ቀጥላ ቀኙን አየች። የአምስቱም ጣቶች ጥፍር ረዘም ብሎ፣ ጫፉ ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ቦርሳዋን ከእኔ በኩል አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ደሜ ፈላ። በዚህ እጅ የተነሳ ኪስ አውላቂ ተብያለሁ፣ ጠንቋይ ተብያለሁ፣ ሱሰኛ ተብያለሁ። «ጊታር ትጫወታለህ እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። አስቀድሜ የምናገረው ነገር ቢኖር፣ እዚህ ውስጥ የማንም ስም የለም። አስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ስም መጻፍ አልፈልግም፤ ከጻፍኩት በገዛ ወረቀቴ ላይ ወንበር ስቤ ያስቀመጥኩት ይመስለኛል። የእሱን ትቼ የሌላውን ብጽፍ ደግሞ ፈርቶ ነው እባላለሁ። ሁሉንም ተውኩት።

ጊታሩን ያስተማረኝን ሰው አቃቂ ውስጥ ሁሉም «ኩባ» ይለው ነበር፤ እኔ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ጋሽ ኩባ» እለዋለሁ። አባቱ በሶማሌ ጦርነት ሲሞት ገና ልጅ ሆኖ ከብዙ እኩዮቹ ጋር ወደ ኩባ የተላከ ነው። እዚያ አደገ፣ እዚያ ተማረ፣ እዚያ ጢም አወጣ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አንድ ሻንጣና አንድ ጊታር ይዞ ተመለሰ። የተማረው የስኳር ፋብሪካ ማሽን መጠገን ነበር፤ ያገኘው ሥራ ግን ቃሊቲ፣ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ብሎን መፍታት ሆነ። ስፓኒሽ የሚያናግረው አንድም ሰው ስላልነበረ ለብሎኖቹ ይናገር ነበር፤ ያውም አልፈታ ሲሉት። የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር በአንዲት የቀበሌ ቤት ነው። እሳቸውን እኔም ሰፈሩም «እትዬ» እንላቸዋለን።

እኔ ያን ጊዜ አዲስ የተመደብኩ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ጊታር እችላለሁ ብዬም አምን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ላይ፣ ፒክ በምንላት ትንሽ ፕላስቲክ የጊታሩን ገመድ እየመታሁ ባንድ አጅባለሁ። አንድ እሁድ በእነ ጋሽ ኩባ አጥር ሳልፍ ጊታር ሰማሁ። ሦስት ሰው የሚጫወት መሰለኝ፤ አንዱ ወፍራሙን ገመድ፣ አንዱ ቀጭኑን፣ ሦስተኛው ከበሮ ይዞ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ አንድ ቀጭን ሰው ብቻውን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፒኳ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ አፈርኩባት።

እንዲያስተምረኝ ስለምነው ተጫወት እንኳ አላለኝም። ቀኝ እጄን ያዘና ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየ። «ሲያድግ ተመለስ» አለኝና ወደ ቤቱ ገባ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ስመለስ በሩን አልከፈተልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍላሜንኮ የሚባለው አጨዋወት ከስፔን ደቡብ የመጣ ነው፤ የሚመታውም በቀኝ እጅ ጥፍር ነው። ጥፍር ከሌለ ድምፁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው ይታፈናል። ጥፍሩ ከመጠን በላይ ከረዘመ ይሰበራል፣ ካጠረ ገመዱን ይስታል። ጋሽ ኩባ በክብሪት ቀፎ ጎን መሞረድ አሳየኝ፤ እንዳይሰነጠቅ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም እንድቀባ ነገረኝ። ቀለሙን የምገዛው ከሰፈራችን ባለሱቅ፣ ከአንድ የስልጤ ሰው ነበር። መጀመሪያ ለሚስትህ ነው አለኝ፤ ሚስት የለኝም አልኩት፤ ለእህትህ ነው አለኝ፤ እህትም የለኝም አልኩት። እጄን ሳሳየው ሳቀና ከዚያ ወዲያ አንድ ብልቃጥ ከመደርደሪያው ሥር ያስቀምጥልኝ ጀመር። በዚህ ሁሉ ዘመን ከጋሽ ኩባ ሌላ ጥፍሬን አይቶ ፊቱን ያላጨማደደው እሱ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ትምህርቱ መጣ። ጣቶችን ጨብጦ ከትንሿ ጣት ጀምሮ አንድ በአንድ ገመዱ ላይ መወርወር አለ፤ ራስጌያዶ ይሉታል። «እጅህ ላይ የቀረ ሊጥ አራግፍ» ይለኝ ነበር ጋሽ ኩባ። ለሳምንታት ጊታር ሳልነካ ጉልበቴ ላይ አራገፍኩ፤ ሱሪዬ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ቀረ። አውራ ጣት ደግሞ ለብቻው ትምህርት ነው። ከላይ ወደ ታች ወድቆ የሚቀጥለው ገመድ ላይ ያርፋል፣ ክብደቱም ከክንድ ይመጣል። ሌላው የጊታሩን ሆድ በቀለበት ጣት ጥፍር ኳ ማድረግ ነው። እኔ ከበሮ የመሰለኝ እሱ ኖሯል። እንጨቱ እንዳይበሳ እዚያ ቦታ ላይ ስስ ፕላስቲክ ይለጠፋል፤ ጋሽ ኩባ የለጠፈው የእትዬን የራጅ ፊልም ቆርጦ ነበር። ጊታሩን ወደ ብርሃን ስታዞረው የእትዬ ጎድን ይታያል። እትዬ ይህን ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «ወንድሜ ደረቴን ሲደልቅ ነው የሚውለው» ይሉ ነበር።

ቀጫጭኖቹ ገመዶች ሲበጠሱ አዲስ አይገኝም፤ በአሣ ማጥመጃ ክር እንተካቸዋለን። ገመዶቹ ከእንጨቱ በጣም ተጠግተው ስለተወጠሩ ሲመቱ ትንሽ ዝዝ ይላሉ። የሠርጉ ባንድ መሪ ይህን ሰምቶ ጊታሩ ተበላሽቷል፣ አናጢ ጋ ወስደን ገመዱን ከፍ እናስደርገው ብሎ ነበር። በገና ላይ ከየገመዱ ሥር ቁራጭ ቆዳ የሚገባው ለምን ይመስለዋል? ያው ዝዝ እንዲል ነው። የገዛ አገሩን በገና ጆሮውን ከፍቶ ያልሰማ ሰው ነው የሰው አገር ጊታር ሊጠግን የተነሳው።

ምቱን ያስተማረኝ ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ምት ነው፤ ግን እኩል አይደለም፤ ጫናው ሦስተኛው ላይ ይወድቅና ስድስተኛው ላይ ይደግማል፣ ከዚያ በድንገት ይፈጥናል። የሠርግ ቤት «አጨብጭቡልኝ» የለመደ ጆሮ ይሳሳታል። ስሄድም ስቀመጥም እንድቆጥረው አዘዘኝ። አንድ ቀን ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ሚኒባስ ይዤ ስቆጥር፣ ሳላውቀው የመኪናውን ጎን በጥፍሬ ኳ ኳ አደረግሁ። ሾፌሩ ረዳቱ የመታለት መስሎት መንገድ መሐል ገትሮ ቆመ። ረዳቱ አልመታሁም አለ፤ ሾፌሩ ሰምቻለሁ አለ፤ ከኋላ ያለው ሲኖትራክ ጥሩምባውን ለቀቀው። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ለጋሽ ኩባ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሾፌሩ የቆመው ስንተኛው ምት ላይ ነው አለኝ።

ሽፋን የሌላቸው ሦስት ካሴቶች ነበሩት። የተጫዋቾቹን ስም ነግሮኛል፣ እኛ ግን በራሳችን ቅጽል ነበር የምንጠራቸው። የመጀመሪያው «ሽማግሌው» ነው፤ ጊታር ዘፋኝ ከማጀብ በቀር ሥራ ባልነበራት ዘመን ብቻውን ወንበር ስቦ መድረክ ላይ የተቀመጠ። ሁለተኛው «ስደተኛው»፤ አገሩን ለቆ በሰው አገር የተጫወተ፣ ምንም ቢፈጥን አንድ ድምፅ እንኳ የማይደበዝዝበት። ሦስተኛው «ልጁ»፤ ጊታሩን ባነባበረው እግሩ ላይ አስተኝቶ፣ የቀደሙት ያልደፈሩትን የድምፅ ቅንብር ሁሉ አስገብቶ፣ ከእሱ በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ እንደሱ ካልሆነ እንዳይታይ ያደረገ። ጋሽ ኩባ ልጁን ይወደዋል፣ ግን ልጁን ብቻ የሚያነሳ ሰው ያናድደዋል። አውራ ጣትን ከሽማግሌው፣ ንጽሕናን ከስደተኛው ሳትማር ወደ ልጁ አትሂድ ይለኝ ነበር። እነዚህን ሦስት ሰዎች በዚያች የቀበሌ ቤት ከዘመድ ይበልጥ አውቃቸው ነበር።

በካሴት ላይ የሌለች አንዲት ነገርም ነበረችው። ሐቫና ውስጥ ከስፔን በመርከብ የመጡ አንድ አዛውንት ያስተማሩት ሶሌያ ነች። ሶሌያ ማለት ዝግ ያለ፣ ከባድ የፍላሜንኮ ዓይነት ነው፤ ብቸኝነት ማለት ነው ብሎኛል። አዛውንቱ ሞተዋል። ሌላ ደቀ መዝሙር አልነበራቸውም። ያቺ ሶሌያ በዓለም ላይ የቀረችው በጋሽ ኩባ አሥር ጣቶች ላይ ነው። ለእኔ ቁራጭ ቁራጩን እያደረገ አስተማረኝ፤ መግቢያዋን በአንድ ክረምት፣ መሐሏን በሌላው። መጨረሻዋ ግን አስቸጋሪ ናት። አምስቱም ጥፍሮች ሳያቋርጡ እየተወረወሩ፣ በመሐል ሆዱ ኳ እየተደረገ፣ አሥራ ሁለቱ ምት ሳይዛነፍ መዘጋት አለባት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ተጫውቻት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጋሽ ኩባ ታመመ። ኩላሊቱ ነው። መጀመሪያ እግሩ አበጠ፣ ቀጥሎ ጣቶቹ። አንድ ጣቱ ሁለት ገመድ አብሮ መጫን ሲጀምር ጊታሩን ለእኔ አቀበለኝና ሁለተኛ አልነካውም። ከሥራ እንደወጣሁ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ እትዬ ገበያ ሲወጡ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ ደግፌው እወስደዋለሁ። አንድ ማታ እጄን ያዘና አሁንም ጥፍሮቼን አየ። በዚያ ሰሞን ከመቼውም ይልቅ አምረው ነበር፤ ከወራት በፊት የተሰነጠቀውም ድኗል።

«ሙሉዋን አሰማኝ» አለኝ። «ልክ መሆኗን ከእኔ በቀር የሚነግርህ የለም።»

እውነቱን ነው። እኔም ይህን አውቅ ነበር። ችግሩ ሁዳዴ መግባቱ ነው። እትዬ በጾም በዚህ ቤት የጊታር ክር አይነካም አሉ፤ ለአንድ ቀን ብዬ ለመንኳቸው፤ ስንት በሽተኛ በጸሎት ነው የተረፈው ብለው ተቆጡኝ። እሱም የእህቱን ቃል አያልፍም። ለፋሲካ ተባባልን። ስለዚህ ጠበቅሁ፤ እንጀራ ሳይቀር በግራ እጄ እየበላሁ፣ ልብስ ሳጥብ በጓንት፣ ጠመኔ ስይዝ እየተጠነቀቅሁ፣ ጥፍሮቼን እንደ እንቁላል ይዤ ጠበቅሁ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ፤ ንዴቴም ያለው እዚያ ነው።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪው ሁለት እጁን ዘርግቶ ይሰለፋል፤ አስተማሪው በየረድፉ እየዞረ ጥፍር ያያል። ያደገበት ተማሪ ጣቱ በማስመሪያ ይመታ ነበር። እኔ አልመታም፤ ነገ ቆርጠህ ና ብዬ አልፋለሁ፤ ቀኝ እጄም ኪሴ ውስጥ ነው። ለዓመታት እንዲህ አለፈ። ባልደረቦቼ ጥፍሬን ያውቃሉ፣ ይቀልዱብኛል፣ ከቀልድ አልፎ አያውቅም።

ያን ዘመን ግን ግምገማ የሚባል ነገር በየመሥሪያ ቤቱ ገብቶ ነበር። ለማያውቀው ወጣት ላስረዳ። ሠራተኛው ይሰበሰባል፤ አንዱ ተነስቶ የሌላውን ድክመት ይዘረዝራል፤ ይህ ሂስ ይባላል። ሂስ የወረደበት ሰው ደግሞ ተነስቶ ጥፋቱን በገዛ አፉ ያምናል፤ ይህ ግለ ሂስ ነው። ካላመነ ስብሰባው አያልቅም። ሰው ሁሉ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሲመሽ ያላጠፋኸውን እመን ብለው የሚለምኑህ የገዛ ወዳጆችህ ናቸው። ለመሬት ጉዳይ፣ ለጉቦ፣ ለሥልጣን የተፈጠረ መሣሪያ ይመስለኛል። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን የሚሰረቅ ነገር ከጠመኔ በቀር ስላልነበረ፣ ግምገማው የሚውልበት ነገር አጥቶ የእኔ ጣቶች ላይ ደረሰ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዴስክ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠናል። የስፖርት አስተማሪው ተነሳና፣ የተማሪ ጥፍር የሚቆጣጠር መምህር የራሱን ማሳደጉ የአርአያነት ጉድለት ነው አለ። ቀልድ መሰለኝ፤ ማንም አልሳቀም። ርእሰ መምህሩ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀድሞ የተመከረበት መሆኑ ገባኝ።

ተነስቼ አስረዳሁ። ጊታር፣ ጥፍር፣ ድምፅ፣ ሁሉንም። ስለ ታመመው ሰው አልተናገርኩም፤ እዚያ ቤት ውስጥ የእሱን ነገር ማንሳት ነውር መሰለኝ። አንዱ ባልደረባዬ የአንድ እጅ ጥፍር ማሳደግ የሱስ ምልክት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ አለ። ሌላው፣ አብሬው ለዓመታት ሻይ የጠጣሁት ሰው፣ ባዕድ አምልኮ እንዳይሆን ይጣራ አለ። ይጣራ! ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው እንዲህ ያለው፤ ለልጁ ክርስትና ጊታር ይዤ መጥቼ ስጫወትለት ሲጨፍር ያደረ ሰው ነው።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አስተማሪ ጥፍሯ ከእኔ ይረዝማል፤ ያውም ቀይ የተቀባ። ይህን ተናገርኩ። እሷ እጇን ዴስኩ ሥር ደበቀች።

«እሷ ሴት ናት፤ ለውበት ነው» አለ ርእሰ መምህሩ። «አንተ ለምንድን ነው?»

«ለሥራ ነው» አልኩት።

«ሥራህ ማስተማር ነው።»

ቀጥሎ ያለው ቀስ ባለ ድምፅ ነበር፤ እንዲያውም እንደሚያዝንልኝ ሰው። ሂሱን ካልተቀበልኩ ለበላይ እንደሚያሳውቅ፣ አየር መለወጥም ሊያስፈልገኝ እንደሚችል ነገረኝ። አየር መለወጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ካለፈው ግምገማ በኋላ አየር የለወጠች አንዲት ባልደረባችን መንገድ የማይደርስበት ትምህርት ቤት ተልካ ቤቷን በወር አንዴ ነው የምታየው። እኔ አየር ከለወጥኩ ጋሽ ኩባን ማን ደግፎ ሐኪም ቤት ይወስደዋል? ጥፍሬን ይዤ ብቀር ከእሱ ልርቅ ነው፤ ከእሱ እንዳልርቅ ጥፍሬን ልሰጥ ነው። ይህን ምርጫ የሰጠኝ ሰው ምርጫ እንደሰጠኝ እንኳ አያውቅም ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረው።

መሸ። ሰዎች ሰዓታቸውን ያዩ ጀመር። አጠገቤ ያለው መምህር ጎኔን ነካ አድርጎ፣ ምናለበት፣ ይበቅላል አይደል አለኝ። ተነስቼ ግለ ሂስ አደረግሁ። የአርአያነት ጉድለት አለብኝ አልኩ። ሰኞ ቆርጬ እመጣለሁ ስል ርእሰ መምህሩ ቁልፎቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ፤ ቁልፍ መያዣው ላይ ጥፍር መቁረጫ አለ። ጉዳዩ እዚሁ ይዘጋ አለ።

እዚያው ቆረጥኩ። በሥነ ሥርዓት፣ ከትንሿ ጣት ጀምሬ። የመቁረጫው ድምፅ ይሰማል። የአውራ ጣቴ ጥፍር ተፈናጥሮ ቃለ ጉባኤው ላይ አረፈ፤ ጸሐፊዋ በእስኪሪብቶዋ ጫፍ ገፋችው። በስንት የክብሪት ቀፎ የሞረድኩት፣ ቀለም የቀባሁት፣ ጾም የጾምኩለት ጥፍር ነው። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ስላሳየሁት ቀናነት አመሰገነኝና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ገባን፤ የሽንት ቤት በር ነበር።

እስከ ፋሲካ ለጋሽ ኩባ አልነገርኩትም። በሽተኛ ማናደድ ፈርቼ እጄን ኪሴ ከትቼ ሰነበትኩ። ከውሃ ፕላስቲክ ላይ በጥፍር ቅርጽ ቆርጬ፣ ከባለሱቁ በገዛሁት ሱፐር ግሉ ጣቶቼ ላይ ለጠፍኩ። ቤቴ ስሞክረው ያዘልኝ፤ ተስፋ አደረግሁ።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጊታሩን አነሳሁ። እትዬ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጋሽ ኩባ ትራስ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። መግቢያዋን በአውራ ጣት ጀመርኩ፤ ደህና ሄደች። የመጀመሪያውን ራስጌያዶ ስወረውር ግን ሁለቱ ፕላስቲኮች ተነቅለው በረሩ፤ አንዱ የእትዬ ቀሚስ ላይ ወደቀ። የቀረው ድምፅ የሥጋ ድምፅ ነው፤ የታፈነ።

«አቁም» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እጅህን አምጣ።»

ባበጡት ጣቶቹ የጣቶቼን ጫፍ ዳሰሰ። ማን ነው የቆረጠህ አለኝ። ነገርኩት፤ ከስፖርት አስተማሪው እስከ ሽንት ቤቱ በር። በመጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁ አሳለው። ሳሉ ሲለቀው ተቀመጠ፤ ያ ሰው ለሳምንታት ብቻውን ቀና ብሎ አያውቅም ነበር። ለብሎኖቹ የሚናገረውን ስፓኒሽ ሁሉ ተናገረ። እትዬ ምን እንደሚል ባያውቁም አማተቡ።

ሲደክመው ተመልሶ ተደገፈ። የድሮዎቹ ሰዎች፣ ከሽማግሌውም በፊት የነበሩት፣ ከአውራ ጣት ሌላ ብዙም አይጠቀሙም ነበር አለኝ። በአውራ ጣትህ ሥጋ የሚሄደውን ያህል ተጫወት አለኝ። ተጫወትኩ። መግቢያዋን፣ ከዚያ መሐሏን፤ ዝግ ባለ፣ ወፍራም ድምፅ። እግሩ ከብርድ ልብሱ ሥር ምቱን ሲቆጥር አየሁት። ሁለት ቦታ ላይ አስቆሞ አረመኝ። መጨረሻዋ ጋ ስደርስ እጄን አነሳሁ፤ እዚያ አውራ ጣት ብቻውን አይሄድም።

«የቀረውን ጥፍርህ ሲያድግ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቀኔ ጥፍር ማየት ሆነ። ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ፣ መማሪያ ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ አየዋለሁ። እጄን ወደ ራሴ አዙሬ ጫፉ ከሥጋው በልጦ እንደሆነ እመለከታለሁ። ጥፍር አይለመንም፣ አይታዘዝም፤ አይቸኩልም። ከሥጋው ላይ ነጭ ክር ያህል ብቅ ሲል፣ ሌላ ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጠኝ ብዬ ነበር፤ ለማን እንዳልኩ አላውቅም። ጋሽ ኩባ በዚያ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ዐረፈ።

ያቺን መጨረሻ ዛሬ እጫወታታለሁ። እትዬ ጊታሩን ለእኔ ሰጥተውኛል፣ ጎድናቸው አሁንም ሆዱ ላይ አለ። ራስጌያዶው ይወጣል፣ ምቱም አይዛነፍም። ልክ መሆኗን ግን አላውቅም። በአቃቂ፣ በአዲስ አበባ፣ በየትኛውም አገር ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል የሚለኝ አንድ ሰው የለም። በአንድ የተማሪ ዴስክ ላይ፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ለአርአያነት ሲባል የጠፋው ይህ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ጥፍር» ብቻ ነው የተጻፈው።

የጋሽ ኩባ አርባ የወጣ ዕለት ድንኳን ተጥሎ ሰፈርተኛው ተሰብስቧል። የትምህርት ቤታችን ሰዎችም የእኔ ሐዘን ነው ብለው መጥተዋል፤ ለቅሶ ላይ አይቀሩም፣ ይህን አልክድባቸውም። ለእንግዶች እጅ የማስታጠብ ሥራ የደረሰው ለእኔ ነው። ማንቆርቆሪያውን በቀኝ እጄ፣ ሳፋውን በግራዬ ይዤ በየተራ እዞራለሁ። ርእሰ መምህሩ ጋ ደረስኩ። እጁን ሊዘረጋ ሲል ዓይኑ ማንቆርቆሪያውን የያዘው እጄ ላይ ቆመ። ጥፍሮቼ አድገዋል። በዚያ ጠዋት በክብሪት ቀፎ ሞርጃቸዋለሁ፤ አምስቱም ልክ ናቸው።

«እንደገና አሳደግከው?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቀጠሮ ነበረብኝ» አልኩት።

ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቀኝም። እጁን ዘረጋ፤ ውሃውን አፈሰስኩለት።